ከደመወዝሽ ስለሚቆረጠው 0.58 በመቶ

እህቴ፣ ይህ ተቀናሽ ምን እንደሆነና እናትሽን ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀሻል። የዋሽንግተን ግዛት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ነው፤ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ይቆረጣል። በወር 4,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው 23 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል።

የሚያሳዝነው፣ የሚጠቅመው የከፈለውን ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እናትሽ አይካተቱም። ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ግን ውለሽ ሳታድሪ ሜዲኬይድን፣ ማለትም መንግሥት ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠውን የጤና መድን፣ ጠይቂ።

ለአንቺ ግን ዋጋ አለው። በዓመት ቢያንስ 500 ሰዓት እየሠራሽ 10 ዓመት ከከፈልሽ፣ ራስሽን መርዳት ሲያቅትሽ እስከ 36,500 ዶላር ይሸፍንልሻል፤ መጠኑም ከዋጋ ንረት ጋር ያድጋል። ለመታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት ወይም ለሚንከባከብሽ ልጅ ክፍያ ይውላል። እኔ እናቴን ሦስት ዓመት ደግፌ ሳጥብ ያ ብረት እንኳ አልነበረንም፤ ስለዚህ ተቀናሹን ሳይ አይከፋኝም።