የተረሳውን ገጸ ባሕርይ ለመጻፍ ለምትነሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በአርታኢነት ሥራዬ ከእናንተ በሚደርሱኝ ረቂቆች ውስጥ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል። አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ይወሰዳል፤ ማንም ልብ ያላለው ገጸ ባሕርይ ይመረጥና ታሪኩ በእሱ አንደበት እንደገና ይተረካል። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ። መጽሐፍን ከልቡ ካላነበበ ሰው አይመጣማ! ግን ብዙዎቹ ረቂቆች ገና ጥቂት ምዕራፍ ሳይሄዱ ይደክማሉ። ጸሐፊው ለተረሳው ሰው ድምፅ ሰጥቶታል፤ ኑሮ ግን አልሰጠውም። ታሪኩ ያው የድሮው ነው፤ የተቀየረው ተራኪው ብቻ ነው።

እስቲ ከበርታ ሜሰን እንነሳ። ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ በርታ ጄን የምትወደው የሮቸስተር ሚስት ናት። ከጃማይካ መጥታ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎባታል። ሳቋ ይሰማል፣ ሰው ትናከሳለች፣ ቤቱን ታቃጥላለች፣ ከጣሪያው ወድቃ ትሞታለች። ሕይወቷን ግን ራሷ ስትተርክ አንሰማም። የምንሰማው ከባሏ ነው። የቆለፈባት ሰው ራሱ ምስክርም ዳኛም ሆነ ማለት ነው።

ደራሲዋን ጂን ሪስን ይህ ከነከናት። እሷም የካሪቢያን ልጅ ናት፤ የተወለደችው ዶሚኒካ ነው። በ1966 «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ»ን አሳተመች። ከየት እንደጀመረች ልብ በሉ። ከተቆለፈው ክፍል አይደለም። ጃማይካ ውስጥ፣ ባርነት በሕግ ከቀረ ብዙም ሳይቆይ፣ ከአንዲት ሕፃን ልጅ ኑሮ ጀመረች። የልጅቷ ስም አንቷኔት ነው፤ «በርታ» የሚለውን ስም የለጠፈባት ባሏ ነው። እንግሊዝ ያለው ቤት የሚመጣው በመጨረሻውና በአጭሩ ክፍል ነው። እሳቱ እንደሚነሳ ድሮም እናውቃለን። አሁን ግን የምትለኩሰውን ሴት አውቀናታል።

አያችሁ፣ እናንተ ለመረጣችሁት ሰው የድሮው መጽሐፍ ታሪክ በሕይወቱ ውስጥ የገጠመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ኖሯል። የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ የሚናፍቀው አለው። የምትጽፉት ያንን ነው።

«ከየት ላግኘው?» ካላችሁኝ፣ እርሳስ ይዛችሁ የድሮውን መጽሐፍ እንደገና አንብቡ። ሰውዬው ከትረካው የሚጠፋበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። በማርክ ትዌን «ሀክልቤሪ ፊን» ውስጥ መርከብ ከግንድ የተሠራችውን ታንኳቸውን ይገጭና ልጁ ሀክና ጓደኛው ጂም ይለያያሉ። ትረካው ሀክን ተከትሎ አንድ ሀብታም ቤት ይገባል። ጂም ወዲያው አይገኝም። ከባርነት ያመለጠ፣ ቢያዝ የሚሸጥ ሰው ነው። የት ዋለ? ምን በላ? ከማን ተደበቀ? ፐርሲቫል ኤቨረት በ2024 ባወጣው «ጄምስ» እንዲህ ያሉ ክፍተቶች ውስጥ ነው የገባው። ሁለቱ ሲለያዩ እኛ ከጂም ጋር እንቀራለን። መጽሐፉ በ2025 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የንግግሩ ነገር ነው። ትዌን ጂምን የሚያናግረው በተሰባበረ ቋንቋ ነው። ኤቨረት ያንን ንግግር አልጣለውም። የእሱ ጂም፣ ማለትም ጄምስ፣ ነጮች ፊት ሆን ብሎ እንደዚያ ያወራል፤ ከወገኖቹ ጋር ሲሆን ግን አጥርቶ ይናገራል። ለደኅንነቱ ሲል የሚጫወተው ጨዋታ ነው። የድሮውን መጽሐፍ በእንደዚህ ያለ ትኩረት ካላነበባችሁ ገና አልጀመራችሁም።

ሥራን ፈልጉ ደግሞ። በጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» (1813) ኤልሳቤጥ የታመመች እህቷን ልታይ ሦስት ማይል በእግሯ ትሄዳለች። የውስጥ ጉርዷ ስድስት ኢንች ያህል ጭቃ እንደነካው የሄደችበት ቤት ሴቶች ያሟታል። ልብሱን ማን አጠበው? ጆ ቤከር በ2013 ባሳተመችው «ሎንግቦርን» ያንን ጭቃ የምታስለቅቀው ሣራ የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት፤ መጽሐፉም የሚጀምረው በልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። እናንተም ፈረሱን ማን ጫነው፣ እሳቱን ማን አነደደው፣ ደብዳቤውን ማን አደረሰው እያላችሁ አንብቡ።

አንዳንዴ የምታገኙት ሰው ስም እንኳ የለውም። አልበር ካሙ በ1942 ባሳተመው «ሌትራንዤ» ውስጥ የተገደለው ሰው «አረብ» ተብሎ ይታለፋል። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ በ2013 ባወጣው ልብ ወለድ ሙሳ ብሎ ስም አወጣለት፤ ትረካውን ደግሞ ለወንድሙ ለሃሩን ሰጠው።

አሁን ከባዱ ነገር። የተረሳውን ሰው መልአክ፣ የድሮውን ጀግና ሰይጣን አታድርጉ። ፈተናው ብርቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለተበደለ ሰው ስታዝኑ መቆጣታችሁ አይቀርም። ቁጣችሁንም አከብራለሁ። ግን ሪስን ተመልከቱ። የመጽሐፏን መካከለኛ ክፍል አብዛኛውን ለባልየው ሰጠችው። ስሙን አንዴም አትጠራም፤ ግን እንዲናገር ትፈቅድለታለች። ለገንዘብ ማግባቱን፣ በማያውቀው አገር መደናገሩን፣ ፍርሃቱን ከራሱ አፍ እንሰማለን። ስለተረዳነው ጭካኔው የባሰ ያስደነግጣል። የዳውድ ሃሩንም ንጹሕ አይደለም፤ እሱም በተራው ሰው ገድሏል። በረቂቆቻችሁ ውስጥ የምፈልገውና የማጣው እንዲህ ያለውን ድፍረት ነው።

ስለ ቅጂ መብትም ቀድማችሁ ጠይቁ። በብዙ አገሮች ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ይቆያል። አሊስ ራንዳል በ2001 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን በባርነት ከተወለደች ሴት አንጻር ስትጽፈው፣ የዋናው መጽሐፍ መብት ባለቤቶች እንዳይታተም ፍርድ ቤት ሄደዋል። መጽሐፉ መውጣቱ አልቀረም፤ ግን ከሙግት በኋላ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ የድሮውን መጽሐፍ ጨርሶ ላላነበበ ሰው ስጡት። «ይሄ ሰውዬ ማነው? ለምን ተናደደች?» ብሎ ቢጠይቃችሁ በቃል አታስረዱት። የጠየቀበትን ገጽ ክፈቱና መልሱን እዚያው ጻፉት።