መልስ፦ ምድጃው ጭሱን በፊት ለፊት ለሚተፋባት እህት

እህቴ፣ «ምርጥ ምድጃዬ ጭሱን በእንጨት መክተቻው ይመልሳል፣ እንጀራውም ባንድ ጎኑ አይበስልም» ላልሽው፦ ጎንደር አዘዞ እናቴ ቤት ያለው ምርጥ ምድጃም (ከሲሚንቶ ተሠርቶ የሚገጣጠመው የእንጀራ መጋገሪያ) ልክ እንዲህ አድርጎን ነበር።

መጀመሪያ ሲበርድ አመዱን ዛቂ። አመድ ከተከመረ አየር አይገባም፣ እንጨቱም ይታፈናል። ከኋላ ያለውን የጭስ መውጫም እዪው። የእኛ ጥላሸቱ እንደ ቅርፊት ተጋግሮ ቀዳዳውን ግማሽ በግማሽ ዘግቶት ነበር። በሽቦ ፈቅፍቀን አወጣነው።

ዋናው ግን ክፍተቱ ነው። ምድጃው ተገጣጥሞ የሚቆም ስለሆነ በመጋጠሚያውና በምጣዱ ዙሪያ ሙቀት ያመልጣል። ማታ መብራት አጥፍተሽ እሳት አንድጂ። ብርሃን ሾልኮ የሚታይሽ ቦታ ሁሉ መደፈን አለበት። ጭቃ ከጭድና ከአመድ ጋር ለውሰሽ ምረጊው። ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ደግመሽ ለስኚው። ምጣዱ ማዘንበሉንም እዪ፤ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ እዚያ ጋ ይወፍርና ጥሬ ይቀራል።

እንደጋለ ግን ውሃ እንዳታፈሺበት፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

እንጨቱስ? ጎንደር ክረምት ላይ የሚሸጠው ባህር ዛፍ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። አሁኑኑ ፈልጠሽ ጣሪያ ስር ደርድሪው። እስኪስተካከል በርና መስኮት ከፍተሽ ጋግሪ፣ ሕፃን ካለም አታስጠጊ። አደራ!