ልጆችና አያት ይዞ ጣና ላይ፦ ከባሕር ዳር ለአንዲት እናት የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣ በጥያቄዎ እንደገለጹት በጥር ወር መጨረሻ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲያገኙ፣ የአምስት፣ የዘጠኝና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆችዎንና የሰባ ዓመት እናትዎን ይዘው ለአራት ቀናት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት አስበዋል። ልጆቹ ቦራ መዝናኛ ፓርክንና አንድነት ፓርክን አስቀድመው ስላዩ፣ በተለይም አሜሪካ ያሉት የአክስታቸው ልጆች በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ያሳለፉትን ሳምንት በስልክ ስለተረኩላቸው፣ «የእኛ መርከብስ የት ነው?» እያሉ እንዳስቸገሩዎት ጽፈዋል። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ጣና ላይ ያንን የመሰለ ጉዞ ይገኛል ወይ? በአንድ ቀንስ ስንት ገዳም መሳለም ይቻላል?

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እንደ እርስዎ ላለ ቤተሰብ በአንድ ቀን ሁለት ገዳም ይበቃል፤ ሦስተኛውን የሚጨምርልዎ ሰው ቢመጣ አመስግነው ይለፉት። ይህን የምለው የእኔ ቤተሰብ ከሦስት ዓመት በፊት አምስት ገዳም በአንድ ቀን እናያለን ብሎ ወጥቶ የሆነውን ስለማስታውስ ነው። ልጆቹ ቁርሳቸውን እስኪበሉ፣ አማቴ ነጠላቸውን እስኪያጣጥፉ፣ ባለቤቴ በዋጋ እስኪከራከር ድረስ ከጀልባ ማረፊያው የተነሣነው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ክብራን ገብርኤል ነው። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ ይህን እኔም አማቴም እናውቅ ነበር፣ ነገር ግን ጀልባው ውስጥ ሆኖ «እኛን እዚህ ተዉን» ማለት አንድ ነገር ሲሆን፣ ለስምንት ዓመት ሴት ልጅ ወንድሟ እየሮጠ ሲወጣ እርሷ ለምን ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆየን። ልጄ ያኮረፈችው ኩርፊያ እስከ ማታ አልለቀቃትም።

ከዚያ እንጦስ ኢየሱስን ተሳልመን፣ ዘጌ ደርሰን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አይተን ስንመለስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ነፋሱም ተነሥቶ ጠበቀን። የጣናን ጠባይ ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ነገር ይመስለዋል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ነፋስ ሲመታው የሚያነሣው ሞገድ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ትንሽ ጀልባን እየደበደበ ያስኬዳል። ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ ያዩት ውኃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ውኃ ይሆናል። ትንሹ ልጄ አስመለሰው፣ አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ደረስን። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ጀልባው ውስጥ ለሰባት ሰው የነበረው ላይፍ ጃኬት አራት ብቻ መሆኑን፣ አራቱም የትልቅ ሰው ልክ መሆናቸውን ያየሁት መሐል ሐይቅ ላይ ሆኜ ነው። ለሕፃኑ ያለበስነው በጭንቅላቱ በኩል ይወልቅ ነበር። የጀልባው ባለቤት ጥፋት አለበት፤ ሳልቆጥር የተሳፈርኩት እኔ ደግሞ ከእርሱ አላንስም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ በሚውሉበት ጠዋት ሩቅ አይሂዱ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እስከ ደብረ ማርያም ያለውን አጭር ጉዞ ያድርጉ። ደብረ ማርያም ለከተማው ቅርብ ናት፣ ሴትም ወንድም ይሳለማል፣ መንገድ ላይም ጉማሬ የመታየት ዕድል አለ። ጉማሬው የሚታየው ጆሮውና የጀርባው ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድነት ፓርክ አንበሳን በመስታወት በኩል በቅርብ ያዩ ልጆች «ይኸው ነው?» ማለታቸው አይቀርም። እንዲህ ሲሉ ጀልባ ነጂውን ጠጋ በልልን ብለው እንዳያስቸግሩት፤ ጉማሬ ከታች ተነሥቶ ጀልባ ሊገለብጥ የሚችል እንስሳ ነው፣ ጨዋ ነጂም አይጠጋም። ይህ አጭር ጉዞ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከልጆችዎ የትኛው ውኃ ላይ እንደሚያመው፣ እናትዎም ከጀልባ ወርደው ድንጋዩን ለመውጣት ምን ያህል እንደሚቸገሩ አስቀድመው ያውቃሉ።

በማግስቱ ዘጌ ይሂዱ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ውስጥ ይሁኑ፤ ቁርስ ተቋጥሮ ይያዝ። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አዝዋ ማርያም ከማረፊያው ብዙም ስለማትርቅ ለእናትዎ ትስማማለች፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን በቡና ጫካ ውስጥ እየወጡ የሚደርሱበት ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ገደማ የእግር መንገድ አለው፣ ድንጋያማም ነው። እኛ በሁለተኛው ጉዟችን ያደረግነው፣ አማቴ አዝዋ ማርያም ተሳልመው ከዛፍ ሥር ከአንዲት የሰፈሩ እናት ጋር ቡና ሲጠጡ እኛ ዑራ ደርሰን ተመለስን፤ ከሁላችን ይልቅ ደስ ያላቸው እርሳቸው ነበሩ። ዘጌ ላይ ለልጆች የሚነገር አንድ ነገር ደግሞ አለ። በዐሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ገዳሙን መሠረቱ የሚባሉት አቡነ በትረ ማርያም በባሕረ ገብ ምድሩ ላይ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አዘዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕዝቡ በሬ ሳይጠምድ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ኖሯል፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም በዚህ የተነሣ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅዎ ይህን ከሰማ በኋላ በሬ ፍለጋ መንገዱን በሙሉ ሲቃኝ እንደሚውል አልጠራጠርም፤ የእኔው እንዲያ አድርጓል።

ዑራ ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሕፃናትን «ዝም በሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ከማስገባት ይልቅ የሚፈልጉትን ነገር ሰጥቶ ማስገባት ይሻላል። እኔ «በላዔ ሰብእን ፈልጉ፣ ውኃ ያጠጣውንም ድኻ ፈልጉ» ብዬ ነበር ያስገባኋቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነዘንዶው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከነአንበሶቻቸውና ከነነብሮቻቸው ለማግኘት ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ዞሩ። የትኛውም ፓርክ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብለው አያውቁም።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት እስከ ጥር አይቆይም። ስምምነቱ ግን በሰው ሳይሆን በጀልባ ይሁን፤ የመጠበቂያውን ሰዓትና መመለሻውን ያካተተ ይሁን፤ የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ለየብቻ መሆናቸውን አይርሱ። ከመሳፈርዎ በፊት ላይፍ ጃኬቶቹን አስወጥተው ይቁጠሩ፤ ለአምስት ዓመቱ ልጅ የሚሆን ከሌለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

አሁን ወደ መርከቡ ልመለስ። ወንድሜ ቤተሰቡን ይዞ ከማያሚ በሚነሣ መርከብ ለአንድ ሳምንት ካሪቢያን ቆይቶ ነበርና፣ በቀጣዩ ገና እኛ ዘንድ ሲመጡ ወሬያቸው ሁሉ እርሱ ነበር። የእነዚህን መርከቦች ትልቅነት ለልጆችዎ ማስረዳት ከፈለጉ እኔ ያገኘሁትን ዘዴ ይጠቀሙ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ርዝመትና 20 ፎቅ አላት፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን ደግሞ 380 ሜትር ነው። ድልድዩን በእግር ሲሻገሩ መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተራመዱ ያህል ነው ማለት ይቻላል። በዚያ መርከብ ላይ ገንዳው፣ ጨዋታው፣ ምግቡ ሁሉ እዚያው ስለሆነ፣ ወደብ ላይ መውረድ የማይፈልግ ልጅ እንኳ አይሰለችም፤ የሚሄዱት ወደ መርከቡ ነው እንጂ በመርከቡ አይደለም። የእኛ ጀልባ ግን ሸራ ጣሪያና ሁለት ረድፍ መቀመጫ ያላት ማጓጓዣ ናት። የወንድሜ ልጅ ከማረፊያው በተነሣን በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መዋኛው የት እንዳለ ጠየቀኝ።

ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ መስጠት ነው። አንዱ ታንኳ ይቆጥራል፣ ሌላዋ ፔሊካን ትቆጥራለች፣ ትልቁ ከነጂው አጠገብ ተቀምጦ የደሴቶቹን ስም ይጽፋል። ታንኳ ስል የደንገሉን ታንኳ ማለቴ ነው፤ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ የሚቀዝፍ ሰው ሲያልፍ ልጆቹ ከመርከቡ ወሬ ይወጣሉ። የወንድሜ ልጅ ታንኳው ከሣር መሠራቱን፣ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀም እየጠጣ እንደሚከብድ ከሰማ በኋላ ስለ መዋኛው ደግሞ አልጠየቀም፤ ከዘጌ የገዛትን ትንሽ ታንኳ ማያሚ ድረስ ይዟት ሄደ። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና ስለመጣችው፣ «ጣናነሽ ሁለት» ስለምትባለው ትልቅ ጀልባ ልጆችዎ በዜና ሰምተው ከሆነ፣ ሲደርሱ የጉዞ ፕሮግራሟን ይጠይቁ፤ አስቀድመው ግን ቃል አይግቡላቸው።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ ምናልባት የማይወዱትን ልናገር ነው፤ በጥር መጨረሻ ይቅርብዎ። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ከፍታው ከ40 ሜትር የማያንስ ተብሎ የሚነገርለት ግርማ ያለው ቦታ ነው፤ እኛ በመስከረም ሄደን ድምፁን ገና ሳናየው ሰምተናል፣ ጢሱም አርጥቦን ተመልሰናል። በበጋ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በጨረጨራ በር የሚመጠን ሲሆን፣ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ አቅጣጫ ውኃ ይወስዳል። በፎቶ ያዩትን ሰፊ መጋረጃ ተስፋ አድርገው አያትና ሕፃን ይዘው በኮረኮንች መንገድ ደርሰው፣ በገደሉ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ቢያገኙ ልጆቹ እርስዎን ነው የሚወቅሱት። በመስከረም ወይም በጥቅምት መጀመሪያ መምጣት ከቻሉ ግን ምክሬ በተቃራኒው ነው፤ ያኔ ዘጌን ትተው ቢሆን እንኳ ጢስ ዓባይን ይዩ።

ዳጋ እስጢፋኖስንና በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ጠይቀውኛል። ሁለቱም ርቀው ያሉ ናቸው፤ በተለመደው ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ዳጋ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ታላቅ ገዳም ቢሆንም እንደ ክብራን ሁሉ ለሴት አይፈቀድም። እነዚህን ባለቤትዎና የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ሌላ ጊዜ ለብቻቸው ይምጡባቸው።

ስለ ጤና ጥቂት ነገር ልበል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታው ከቀንድ አውጣ በሚወጣ ተውሳክ በቆዳ በኩል የሚገባ ስለሆነ፣ ልጆቹ ዳር ዳሩን እግራቸውን እየነከሩ እንዲጫወቱ አይፍቀዱ። መዋኘት ካማራቸው ገንዳ ያለው ሆቴል ይምረጡ፤ ለልጅ ሲሉ ለሆቴል የሚጨምሩት ገንዘብ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ብቻ ይመስለኛል። ወባም አለ፤ ክፍሉ አጎበር እንዳለው ጠይቀው ይያዙ፣ አመሻሹ ላይ ልጆቹን ረጅም እጅጌ ያልብሱ። ፀሐዩ በ1,800 ሜትር ከፍታና በውኃ ላይ ስለሚበረታ ኮፍያ አይርሱ።

በየብስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና የመንገዱም ሁኔታ ስለሚለዋወጥ፣ አቅም ከፈቀደ በአውሮፕላን ይምጡ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዘጌ ከመሄድዎ በፊት በዋዜማው የአካባቢውን ጸጥታ ካረፉበት ሆቴል ያጣሩ። ምግብ አያሳስብዎ፤ ልጆች የዓሣ ኮተሌት ይወዳሉ፣ እናትዎ ረቡዕና ዓርብ ዓሣ የማይቀምሱ ከሆነ ግን ለአስተናጋጁ አስቀድመው ይንገሩት፤ የእኛ ከተማ አስተናጋጅ ጾም ሲባል ወዲያው የሚያመጣው ዓሣ ነው፣ አማቴም በዚህ ከስንቱ ጋር ተከራክረዋል።

የመጨረሻውን ቀን ባዶ ይተዉት። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተው ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከላይ ያሳዩአቸው፤ ከዚያ ለልጆቹ ብስክሌት ይከራዩላቸውና በዘንባባው ጥላ ይንዱ። ለእናትዎ ግን ከአዲስ አበባ ሲነሡ ማሰሪያ ያለውና የማይንሸራተት ጫማ ይግዙላቸው፤ በየገዳሙ በር ስለሚወልቅም ለማውለቅ የማያስቸግር ይሁን። አማቴ በነጠላ ጫማ መጥተው ዘጌ ማረፊያው ላይ አንዱ ውኃ ገብቶባቸዋል።