የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ወኪል ማን እንደሆነ እንዴት ይጣራል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ ለታዳጊዎች በማዘጋጀው የቀን መቁጠሪያ ላይ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የሚጫወት የአንድ ታዋቂ ተጫዋች ፎቶግራፍ ለማተም አስቤአለሁ። ፈቃድ ለመጠየቅ ወኪሉን ሳፈላልግ ግን አንዱ ምንጭ የአንድ ሰው፣ ሌላው የሌላ ሰው፣ ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ድርጅት ስም ሰጠኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ሦስቱም እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል። ስመ ጥር ተጫዋች ከክለብ ጋር የሚፈርመውን የደመወዝ ውል የሚደራደርለት አንድ ሰው፣ የማስታወቂያና የንግድ ጉዳዩን የሚይዝለት ደግሞ ሌላ ሰው ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ ላይ ወኪል ይቀየራል። ሌብሮን ጄምስን እንውሰድ። በ2003 ወደ ኤንቢኤ ሲገባ ወኪሉ አሮን ጉድዊን ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2005 በሊዮን ሮዝ ተካው፤ በ2012 ሪች ፖል ሲኤኤ ከተባለው ትልቅ ኤጀንሲ ወጥቶ ክለች ስፖርትስ የተባለውን የራሱን ኤጀንሲ ሲያቋቁም ደግሞ ጄምስ ተከትሎት ሄደ። የንግድ ጉዳዮቹን ለረጅም ዓመታት ሲመራለት የኖረው ግን የትምህርት ቤት ጓደኛው ማቬሪክ ካርተር ነው። እንግዲህ በ2010 የተጻፈ ጽሑፍ አምኖ ሮዝን የሚያፈላልግ ሰው የሚደርሰው ከወኪል ዘንድ ሳይሆን፣ በ2020 የኒው ዮርክ ኒክስ ክለብ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተሾመ ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ከስሙ በፊት የመረጃውን ቀን ይመልከቱ። በኤንቢኤ ተጫዋቹና ወኪሉ የሚፈራረሙት ውል በ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ የሚችል በመሆኑ፣ የተጫዋቾችን ወኪሎች የሚዘረዝሩ የስፖርት ድረ ገጾች፣ በትጋት የሚዘጋጁት እንኳ ሳይቀሩ፣ ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። እኛ ይበልጥ የምናምነው ተጫዋቹ አዲስ ውል በፈረመበት ቀን የወጣውን ዜና ነው፤ ዘጋቢዎች ወሬውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከወኪሉ ስለሆነ ስሙንና ኤጀንሲውን አብረው ይጠቅሳሉ። የዝውውሩ ገበያ የሚከፈትበት የጁን መጨረሻና የጁላይ መጀመሪያ ለዚህ ዓይነት ፍለጋ ከሁሉ የተሻለው ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ ኤጀንሲው ራሱ በድረ ገጹ ተጫዋቹን ከደንበኞቹ መካከል ይቆጥረው እንደሆነ ያመሳክሩ።

ቀጥሎ የሚጣራው የወኪሉ የሥራ ፈቃድ ነው። በኤንቢኤ ስለ ተጫዋች ውል ከክለብ ጋር መደራደር የሚችለው በ1954 የተመሠረተው የተጫዋቾች ማኅበር ፈቃድ የሰጠው ወኪል ብቻ ሲሆን፣ ማኅበሩም የባለፈቃዶቹን ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። እርግጥ ነው፣ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የእርስዎ ተጫዋች ወኪል ነው ማለት አይደለም፤ ውል እደራደራለሁ እያለ ስሙ የማይገኝ ሰው ግን ሊያጠራጥርዎ ይገባል። ተጫዋቹ ከአሜሪካ ውጭ የሚጫወት ቢሆን ኖሮ የሚመለከቱት የዓለም አቀፉን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባን፣ የባለፈቃድ ወኪሎች ዝርዝር ነበር። በዚያ በኩል ብዙዎች የማያስታውሱት አንድ ተጨማሪ ምንጭም አለ፦ በ2007 የተቋቋመው የቅርጫት ኳስ የግልግል ዳኝነት ጉባኤ ውሳኔዎቹን ለሕዝብ ስለሚያወጣ፣ ክርክር በተነሳባቸው ውሎች ላይ ተጫዋቹን በወቅቱ ማን ይወክለው እንደነበር ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ የውል ወኪሉ ዋናው ሰው ላይሆን ይችላል። የአንድ ተጫዋች ምስል ብቻ ከሆነ የሚያስፈልግዎ የንግድ ጉዳዩን የሚይዘው ወገን ነው፤ ማን እንደሆነ ካላወቁ የውል ወኪሉን ቢሮ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቀን መቁጠሪያው ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ ተጫዋቾችን የሚያወጡ ከሆነ ግን ጉዳዩ በየግል ወኪሎቻቸው ሳይሆን የማኅበሩን የጋራ ፈቃድ በሚያስተዳድረው በቲንክ 450 በኩል የሚታይ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ጋር የፎቶግራፉ መብት የፎቶግራፍ አንሺው ወይም የፎቶግራፍ ድርጅቱ፣ በማሊያው ላይ ያለው ምልክትም የሊጉና የክለቡ መሆኑን አይዘንጉ፤ ተጫዋቹ በሙሉ ልቡ ቢፈቅድ እንኳ የእነሱ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል።

ለወኪሉ ሲጽፉ የኅትመቱን ዓላማ፣ የሚታተመውን ብዛት፣ የሚሸጥ ወይም በነጻ የሚታደል መሆኑን፣ እንዲሁም መልስ የሚፈልጉበትን ቀን በግልጽ ያስፍሩ፤ መልስ የሚሰጥዎም ሰው በዚህ ጉዳይ ተጫዋቹን የመወከል ሥልጣን እንዳለው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ። ገንዘብ አስቀድመው እንዲልኩ የሚጠይቅ መልስ ከመጣልዎ፣ ከመክፈልዎ በፊት በኤጀንሲው ድረ ገጽ ላይ ባገኙት አድራሻ እንጂ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው አድራሻ አያጣሩ።