መልስ፦ ንስሐ ከገባሁ የሰረቅኩትን መመለስ አለብኝ?

ወንድሜ፣ «እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ የወሰድኩትን ገንዘብ ለምን እመልሳለሁ?» ብለሃል። ይቅርታው ዕዳውን ለባለቤቱ አይከፍልልህማ! የቀራጮች አለቃ የነበረውን ዘኬዎስን እይ (ሉቃስ 19፥8)። በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ማንም አላስገደደውም። በኦሪትም በዳዩ ዋናውን ይመልሳል፣ አንድ አምስተኛ ይጨምርበታል፤ መሥዋዕትም ያቀርባል (ዘሌዋውያን 6)። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ባለቤቱ ከሞተ ለቅርብ ዘመዱ ይሰጣል፤ እሱም ከሌለ ለካህኑ (ዘኍልቍ 5፥8)። «ሀብታም ስለሆነ አይጎዳውም» ያልከው ግን ሰበብ ነው፤ አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ ሀብታምና ድሃ አይለይም። አሁን በእጅህ ከሌለ ሰውየውን አናግረውና ቀስ በቀስ ክፈል። ፊት ለፊት መቅረብ ካሳፈረህ በንስሐ አባትህ ወይም በፓስተርህ በኩል ላክለት።