ናኖቲዩብ እስኪመጣ አትጠብቁ

ልጆች እንዴት ናችሁ፣ እኔ እዚሁ ጅማ ወርክሾፕ ውስጥ ከ30 አመት በላይ ማሽን ስጠግንና ተማሪ ሳለማምድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ኢንጂነሪንግ የሚማር የሰፈር ልጅ ቤት መጥቶ ከካርቦን ናኖቲዩብ ክር ስለሚሰራው፣ እንደ ሰው ጡንቻ እያጠረ ክብደት ስለሚያነሳው አርቴፊሻል ጡንቻ ሲያወራኝ አመሸ፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን "ጋሼ እቃው እዚህ የለም እኮ፣ ምን ይሰራል" ብሎ ዝም አለ። ዝም ማለቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ናኖቲዩብ ከፀጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠነ የካርቦን ቱቦ ነው። እናቶቻችን ጥጥ በእንዝርት እንደሚፈትሉት ይፈተልና ክር ይሆናል፣ ከዛ እንደ ስፕሪንግ እስኪጠቀለል ድረስ ያከርሩታል። በፈረንጆቹ 2012 ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ያለው የሬይ ባውማን ቡድን ክሩ ውስጥ ሰም ሞላበት፣ ሰሙ ሲሞቅ ያብጣል፣ ክሩ ይወፍራል፣ የከረረው ልፈታ ይላል፣ በዚህ ጊዜ ጥቅልሉ ያጥርና የተንጠለጠለበትን ይዞ ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጉልበቱ የሚመጣው ከማክረሩ ነው። በፈረንጆቹ 2014 እነዚሁ ሰዎች በተራ የአሳ ማጥመጃ ናይለን ሰሩት፣ ያውም እኩል ክብደትና ርዝመት ካለው የሰው ጡንቻ 100 እጥፍ የከበደ ያነሳል!

ናይለን ደግሞ ግልገል ጊቤ ላይ አሳ የሚያጠምዱት ልጆች ጋር አለ።

በነጋታው ልጁን ጠራሁትና የክሩን አንድ ጫፍ ድሪል ላይ አሰርን፣ ሌላው ጫፍ ላይ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ። የመጀመሪያው ክብደት በዝቶበት ተበጠሰ፣ ሁለተኛው ላይ ጠርሙሱ አብሮ ስለዞረ ያከረርነው ሁሉ ተፈታብን፣ ሶስተኛው ላይ ጠርሙሱ እንዳይዞር በእንጨት ደግፈነው ክሩ ከታች ጀምሮ ቀለበት ቀለበት እየሰራ ወጣ። ከዛ ከፔርሙስ የፈላ ውሃ ቀስ አድርጌ ሳፈስበት ጠርሙሱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ። ልጁ እጁን አፉ ላይ ጫነ፣ እኔም እንባዬ መጣ።

ለምን መሰላችሁ፣ ወጣት ሆኜ አንድ የምሰራበት ቦታ ፓምፕ ተበላሽቶ እቃው ከውጭ እስኪመጣ ስምንት ወር ቆሟል፣ እዚሁ ባለው ብረት ልሞክረው እችል ነበር፣ ግን እንደ ሁሉም ሰው ጠበቅኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

እንዲህ ስል ግን ነገሩ አልቋል ማለቴ አይደለም፣ ከምታሞቁበት ሙቀት አብዛኛው ይባክናል፣ ክሩም ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ስራ ያለው እሱ ላይ ነው። ስትሞክሩ ስንት ዙር እንዳከረራችሁ፣ ስንት ግራም እንደሰቀላችሁ፣ የውሃው ሙቀት ስንት እንደነበር ደብተር ላይ ጻፉ፣ የተበጠሰውንም ጭምር፣ ቪዲዮ ብቻ አንስታችሁ አትሂዱ።

ቅዳሜ ልጁ ቴርሞሜትር ይዞ ይመጣል፣ በ60ና በ90 ዲግሪ ስንት ስንት ሚሊሜትር እንደሚያነሳ ለይተን እንለካለን።