«ሞአ አንበሳ» ማዕረግ ነው ወይስ ዐረፍተ ነገር?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ ታፔላ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። አንድ ደንበኛ የግቢዬ በር ላይ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። «ሞአ» ነው ወይስ «ሞዐ»? ትርጉሙስ «ድል አድራጊው አንበሳ» ነው?

መልስ፦ ደግ አደረጉ መጠየቅዎ። ብዙው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚቀባው።

በአልፋው «አ» ይጻፉት። ዐይኑን «ዐ» የሚመርጡ አሉ፤ የግእዙ ግስ ግን ሞአ፣ ይመውእ ነው። አሸነፈ፣ ድል ነሣ ማለት ነው። አማርኛ ይህን ግስ ጥሎ «አሸነፈ»ን ስለያዘ ነው ግራ የምንጋባው።

ትርጉሙ ላይ ግን አልስማማም። «ድል አድራጊው አንበሳ» ሳይሆን «አንበሳው ድል ነሣ» ነው። ግሱ ፊት፣ ባለቤቱ ኋላ፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር። ቅጽል ቢሆን ኖሮ «መዋኢ» ይባል ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት የነበሩትን አባ ኢየሱስ ሞአን ያስቡ። ስማቸው «ኢየሱስ ድል ነሣ» ማለት ነው። ያው ግስ፣ ያው ፊደል። ታዲያ አንበሳው ጋ ሲደርስ ምን ቅጽል አደረገው?

ምንጩ ራእየ ዮሐንስ 5፥5 ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም «ድል ነስቶአል» ይላል። አንበሳው ክርስቶስ ነው። ነገሥታቱ ከስማቸው በፊት ያስቀደሙት ይህን የእምነት ቃል ነው። የንጉሡ ማዕረግ ከስሙ በኋላ ይመጣል፦ «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»።

መሪ ቃል ግስ ሲኖረው ደስ ይለኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» ይመልከቱ፤ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ። «አመክሩ» ምክር ጠይቁ ማለት እንዳይመስልዎ። አመከረ ፈተነ ነው። ሙከራም መከራም ከዚያው ቤት ናቸው። እስረኛ «በአመክሮ ተፈታ» ስንልም ይኸው ቃል ነው።

«የለም፣ ንጉሡ የሰሎሞን ዘር ስለሆነ አንበሳው እሱ ራሱ ነው» የሚሉ አሉ። የዘር ሐረግ ሌላ፣ ሰዋስው ሌላ። እርግጥ በ1934 ዓ.ም. የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም በእንግሊዝኛው ዓምድ እንደ ማዕረግ ነው የተረጎመው። ዛሬም «ሞአ አንበሳ» ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ጃንሆይ ነው፣ ወይ የለገሃሩ ሐውልት። አነጋገሩ ሄዷል፤ እኔ አልመልሰውም። «ድል አድራጊው» ብዬ ግን አልጽፍም፤ ጆሮዬ እንቢ ይላል።

አንድ ነገር አደራ። ሰሚት አካባቢ አንድ የብረት በር ላይ «ዘእምነ» ላይኛው መስመር ቀርቶ «ገደ ይሁዳ» ታች ወርዶ አይቻለሁ። የይሁዳ ገድ ሆኖ አረፈው! ቃሉ «ዘ»፣ «እም» እና «ነገደ» ነው፤ አይቆረጥም። ቦታ ከጠበበዎ ከ«አንበሳ» በኋላ ይውረዱ። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ቢጨምሩበት ደግሞ የበለጠ ያምራል።